የሸበሌ ሙዝና የቅዝቃዜው ባለቤት

ሙዝ ገና አረንጓዴ ሳለ ከግንዱ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠባት ሰዓት አንሥቶም ዕድሜው በቀናት ይቆጠራል። ቡና በጆንያ ታጭቆ ባሕር ይሻገራል፤ ዕጣንና ሙጫ በመጋዘን ዓመት ቢከርሙ አይጎዱም፤ ቆዳም ጨው ተነስንሶበት ገዢውን ይጠብቃል። ከአፍሪካ ቀንድ ወደቦች ለዘመናት ሲጫኑ የኖሩት ሸቀጦች በአመዛኙ መጠበቅ የሚችሉ ነበሩ። ሙዝ ግን አይጠብቅም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በሸበሌና በጁባ ወንዞች ዳር የተተከለው ሙዝ ታሪክም ከእርሻ ታሪክነቱ ይልቅ የቅዝቃዜ ታሪክነቱ የሚያመዝነው በዚህ ምክንያት ነው። መሬቱ የማን ነበር የሚለው ጥያቄ በደቡብ ሶማሊያ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፤ ደምም አፋስሷል። ቅዝቃዜው የማን ነበር የሚለው ግን እምብዛም አልተጠየቀም። የፍሬውን ዋጋ ሲቆርጥ የኖረው ግን የቅዝቃዜው ባለቤት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ቅዝቃዜ እንዴት የንግድ መሣሪያ ሊሆን ቻለ? በ1876 ሻርል ቴሊዬ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ «ለ ፍሪጎሪፊክ» በተሰኘች መርከብ ላይ የማቀዝቀዣ መኪና ገጥሞ ከሩዋን ወደ ቦነስ አይረስ ሥጋ ላከ። በ1882 ደግሞ «ዱኒዲን» የተባለችው የሸራ መርከብ ከኒውዚላንድ ተነሥታ እንደ በረዶ የደረቀ የበግ ሥጋ ለንደን አደረሰች። ሥጋ እንደ ድንጋይ ቢጠነክር አይከፋውም፤ በረዶው ሲለቀው ተመልሶ ሥጋ ነው። ሙዝ ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ሙቀቱ ከ12 ወይም ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ልጣጩ ይጠቁራል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሙቀት ቢመለስም ወግ ባለው መልክ አይበስልም። ዲግሪው ከዚያ ብዙ ከፍ ካለ ደግሞ በመንገድ ላይ ይበስልና መርከቧ ወደብ ሳትደርስ ይፈርሳል። ልጣጩ ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ እንደ በረዶ ማድረቅ ይቻላል፤ ዛሬ ማንጎውም አናናሱም እንዲሁ ሆኖ በዓለም ገበያ ይዞራል። ይህ ግን ፋብሪካው፣ የማይቋረጠው መብራትና ባለሙያው ፍሬው ከሚበቅልበት አገር መኖራቸውን ይጠይቃል። ሙዝን በሙሉ አካሉ ባሕር ማሻገር የፈለገ ነጋዴ ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ፍሬውን ሳይገድል ማስተኛት።

ይህን የማስተኛት ጥበብ እንግሊዞች በ1901 «ፖርት ሞራንት» በተባለች መርከብ ከጃማይካ ወደ አገራቸው ሙዝ በማምጣት አስመሰከሩ። አሜሪካኖች ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1899፣ ዩናይትድ ፍሩት የተባለውን ኩባንያ አቋቁመው ነበር። ኩባንያው በመካከለኛው አሜሪካ መሬቱንም፣ ባቡሩንም፣ መርከቡንም በአንድ እጅ ጨበጠ። ከሦስቱ ማንኛውን ከሦስተኛው ለይቶ መያዝ ትርፍ እንደማያመጣ የተረዱት ገና ከጅምሩ ነው። ጣልያኖች ወደዚህ ገበያ የገቡት ዘግይተው ነበርና ይህንኑ ትምህርት በራሳቸው መንገድ፣ ማለትም በመንግሥት አዋጅ፣ ሥራ ላይ አዋሉት።

ሸበሌ ከባሌና ከአርሲ ተራሮች ተነሥቶ ኦጋዴንን አቋርጦ ሶማሊያ ይገባል። ሞቃዲሾ አጠገብ ሲደርስ ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ከመፍሰስ ይልቅ በአሸዋ ክምር ተጋርዶ ከባሕሩ ጋር ጎን ለጎን ወደ ደቡብ ይጓዛል፤ በአብዛኛው ዘመንም ባሕር ሳይደርስ በረግረግ ውስጥ ይጠፋል። ከዚህ ወንዝ ዳር፣ ከመርካ ወደብ ብዙም ሳይርቅ፣ ጀናሌ የምትባል ቦታ አለች። የኢትዮጵያ አንባቢ ስሟን የጁባ ገባር ከሆነው ከገናሌ ወንዝ ጋር እንዳያደናግረው ያስፈልጋል፤ ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ጀናሌ የሸበሌ ናት። ሮሞሎ ኦኖር የተባለው ጣልያናዊ የግብርና ሊቅ በ1912 የእርሻ ምርምር ጣቢያ የመሠረተው እዚያ ነበር። በ1920 የአብሩዚ መስፍን ሉዊጂ አሜዴዎ ከወንዙ ወደ ላይ፣ ዛሬ ጆውሃር በምትባለው ቦታ፣ ትልቅ የእርሻ ማኅበር አቋቋሙ። በ1923 ገዢ ሆኖ የመጣው ፋሺስቱ ዴ ቬኪ ደግሞ የጀናሌን መሬት እየሸነሸነ ለጣልያን ሠፋሪዎች አደለ፤ ወንዙም ተገድቦ ቦይ ወጣለት።

በመጀመሪያ የታሰበው ሙዝ አልነበረም። የጣልያን ፋብሪካዎች የሚሹት ጥጥ ነበርና ማሳው ጥጥ ተዘራበት። የ1929ኙ የዓለም ኢኮኖሚ ውድቀት ሲመጣ የጥጥ ዋጋ ተንኮታኮተ፤ ሠፋሪውም ዕዳ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ነው ሙዝ እንደ መውጫ ቀዳዳ የታየው። መልካም አጋጣሚ የሚመስለው ይህ ለውጥ ግን ሁለት ነገሮችን ይጠይቅ ነበር፤ እጅግ ብዙ የሰው ጉልበት እና እጅግ ፈጣን መርከብ።

ስለ ጉልበቱ ረጅም ማውራት ቢቻልም ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አርብቶ አደሩ ሶማሌ ለሠፋሪ ማሳ ሊቆፍር ፈቃደኛ አልነበረም። ስለዚህ ጫናው ያረፈው በወንዞቹ ዳር በእርሻ በሚተዳደሩት ሰዎች ላይ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ካለፈው ክፍለ ዘመን የባርነት ቀንበር የወጡ ሰዎች ልጆች ነበሩ። ባርነት በሕግ ከተከለከለ ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ የመንግሥት ወታደር ወደ መንደራቸው እየመጣ ወደ ሠፋሪው እርሻ ይነዳቸው ጀመር። ውል ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ነበር፤ ያልወደደ ሰው እንቢ ሊለው የማይችል ወረቀት ግን ውል ለመባል ይቸግረዋል። በጁባ ሸለቆ ያሉ ሽማግሌዎች ያን ዘመን «ኮሎኒያ» እያሉ ያስታውሱታል። ቃሉ ጣልያንኛ ነው፤ በነሱ አፍ ግን ትርጉሙ የግዳጅ ሥራ ብቻ ነው።

መርከቡን በተመለከተ ሙሶሊኒ ያደረገው ለየት ያለ ነበር። በ1935 መጨረሻ፣ የኢትዮጵያ ወረራ በተጀመረባቸው ወራት፣ የሙዝ ሞኖፖሊ ንጉሣዊ ድርጅት የሚባል መሥሪያ ቤት በአዋጅ ተቋቋመ። የመሥሪያ ቤቱ የጣልያንኛ ስም መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ራምብ» ይሆናሉ። ከዚያ ወዲህ በጣልያን አገር ሙዝ የማስገባት መብት የመንግሥት ብቻ ሆነ። የሶማሊያ ሠፋሪ ሙዙን ለራምብ ይሸጣል፤ ራምብ በራሱ መርከብ ያመጣል፤ ፈቃድ ያላቸው ጅምላ ነጋዴዎች ደግሞ በራሳቸው ማብሰያ ክፍል አብስለው ለችርቻሮ ያወጣሉ። ሙዙ ከካሪቢያኑ ይልቅ ውድ ነበር፤ ልዩነቱን የሚከፍለው የሮማና የሚላኖ ሸማች ነው። በአንድ በኩል ለሠፋሪው ድጎማ፣ በሌላ በኩል የፋሺስት ኩራት መግለጫ ነበር፤ የንግድ ሥራ ነበር ለማለት ግን ያስቸግራል።

ድርጅቱ በ1937 እና በ1938 አራት መርከቦች አሠርቶ ራምብ አንድ፣ ራምብ ሁለት፣ ራምብ ሦስትና ራምብ አራት ብሎ ሰየማቸው። ሁለቱ በጄኖቫ፣ ሁለቱ በሞንፋልኮኔ የመርከብ ማነጫ ተሠሩ። ነጫጭ፣ ቀጫጭንና ለጭነት መርከብ እጅግ ፈጣን ነበሩ፤ በሰዓት ከ17 የባሕር ማይል በላይ ይጓዛሉ። ፍጥነታቸው ለሙዙ ሲባል ብቻ እንዳልነበረ ግን የመርከቡ ንድፍ ራሱ ይመሰክራል፤ ጦርነት ቢመጣ መድፍ እንዲተከልባቸው ሆነው የተሠሩ ናቸው። እንደተፈራውም ጦርነቱ መጣ። ሰኔ 1940 ጣልያን ጦርነት ውስጥ ስትገባ የስዊዝ ቦይ ተዘጋባት፤ የሶማሊያም ሙዝ መንገድ አጣ። ከአራቱ ሦስቱ በቀይ ባሕር ወጥመድ ውስጥ ገብተው ምጽዋ ላይ ቀሩ።

የእነዚህ መርከቦች ዕጣ ለልብ ወለድ የተፈጠረ ይመስላል። የካቲት 1941፣ የእንግሊዝ ጦር ኤርትራ ውስጥ እየገፋ ሳለ፣ ራምብ አንድና ራምብ ሁለት ከምጽዋ ሾልከው ወደ ጃፓን ለመድረስ ተነሡ። ራምብ አንድን «ሊያንደር» የተባለው የኒውዚላንድ የጦር መርከብ በዚያው ወር በ27ኛው ቀን በማልዲቭ ደሴቶች አቅራቢያ አግኝቶ አሰጠማት። ራምብ ሁለት ኮቤ ደረሰች፤ ስሟ ተለውጦ በጃፓኖች እጅ ስታገለግል ቆይታ በጥር 1945 ሳይጎን ላይ በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተመታ ሰጠመች። ራምብ አራት ምጽዋ ላይ የሆስፒታል መርከብ ተደርጋ ነበር፤ ሚያዝያ 1941 ምጽዋ ስትያዝ እንግሊዞች ወሰዷትና ለዚያው ለቁስለኛ ማመላለሻ አዋሏት። በግንቦት 1942 ከቶብሩክ ቁስለኞችን ጭና ስትመለስ የጀርመን አውሮፕላኖች ደበደቧት። አረንጓዴ ሙዝ ለማስተኛት የተሠራች መርከብ የቆሰሉ ወታደሮችን ተሸክማ አለቀች።

የራምብ ሦስት ታሪክ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርስ ነው። በ1941 ቤንጋዚ ላይ በእንግሊዝ የባሕር ሰርጓጅ ተመታ አፍንጫዋ ቢቆረጥም ተጠግና ዳነች። በ1943 ጀርመኖች ወስደው ፈንጂ መዝሪያ አደረጓት፤ በ1944 ደግሞ ዛሬ ሪየካ በምትባለው በፊዩሜ ወደብ በቦምብ ተመትታ ሰጠመች። ዩጎዝላቮች ከባሕር ውስጥ ጎትተው አወጧት፤ አድሰውም በ1952 «ጋሌብ» ብለው የባሕር ኃይላቸው የማሠልጠኛና የፕሬዚዳንታቸው መርከብ አደረጓት። ማርሻል ቲቶ በ1953 ወደ ለንደን፣ በታኅሣሥ 1955 ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በዚህችው መርከብ ነው። ከሶማሊያ ሙዝ እንድታግዝ በፋሺስቶች የተሠራች መርከብ፣ ፋሺስቶችን የተዋጉ መሪ ጭና ፋሺስቶችን የተዋጉ ንጉሠ ነገሥት እንግዳ ሆና በቀይ ባሕር ስትመለስ ማየት፣ ታሪኳን ለሚያውቅ ሰው የሚያስደንቅ ሳይሆን አይቀርም። የሪየካ ከተማ በ2009 ገዝታ ሙዚየም ልታደርጋት አሳድሳታለች።

ወደ ሙዙ እንመለስ። የእንግሊዝ ጦር በየካቲት 1941 ሞቃዲሾ ሲገባ ወንዝ ዳር የነበሩት የግዳጅ ሠራተኞች አካፋቸውን ጥለው ወደየመንደራቸው ሄዱ። መርከብም ገዢም የለምና ማሳው ዳዋ ዋጠው። ንግዱ ነፍስ የዘራው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በተለይም ጣልያን በ1950 የተባበሩት መንግሥታት ባላደራ ሆና ወደ ሶማሊያ ስትመለስ ነው። ሞኖፖሊውም አብሮ ተመለሰ፤ ከስሙ «ንጉሣዊ» የሚለው ቃል ተቀንሶ። ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ሙዝ ከሶማሊያ ዋነኛ የውጭ ንግድ ዕቃዎች አንዱ ሆነ፤ መድረሻውም ከሞላ ጎደል አንድ አገር ብቻ ነበር።

መርካ ጥልቅ ወደብ አልነበራትም። መርከቧ ከባሕሩ ዳር ራቅ ብላ መልሕቋን ትጥላለች፤ ሙዙ ከጀናሌ በመኪና ወርዶ በጠፍጣፋ ጀልባ ማዕበሉን እየሰነጠቀ ይደርስባታል። የክረምቱ ነፋስ ሲበረታ ጀልባው ይንገላታል፤ የተላጠ፣ የተጋጨና የተጨፈለቀ ፍሬ ይበዛል። ሠራተኛው በፀሐይ ሐሩር ተሸክሞ ያደረሰው ፍሬ የመርከቧን ጎን ሲያልፍ ከ30 ዲግሪ ወደ 13 ዲግሪ ይወርዳል። ዋጋውም የሚለወጠው እዚያች ደፍ ላይ ነበር። ከደፉ ወዲህ ነገ ሊበሰብስ የሚችል ቅጠላ ቅጠል፣ ከደፉ ወዲያ የአውሮፓ ሸቀጥ።

ሐምሌ 1 ቀን 1960 ሶማሊያ ነፃ ስትወጣ ባንዲራውና ፓርላማው የራሷ ሆኑ፤ የማቀዝቀዣ መርከቡ፣ የማብሰያ ክፍሉና የገበያው ፈቃድ ግን ሜዲትራንያን ማዶ ቀሩ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ብዙም ሳይቆይ ታየ። በ1963 ሮማ ላይ የሙዝ ቅሌት የተባለው ጉዳይ ፈነዳ፤ ለጅምላ ነጋዴዎች ፈቃድ ለመስጠት በወጣው ጨረታ ምስጢራዊው ዋጋ አስቀድሞ ሾልኮ መውጣቱ ተደረሰበት። የሞኖፖሊው ኃላፊም ታሰሩ። በዚህ ሳቢያ የጣልያን መንግሥት ሞኖፖሊውን በ1964 መጨረሻ አፈረሰው። ለጣልያን ሸማች መልካም ዜና ነበር፤ ርካሹ የላቲን አሜሪካ ሙዝ ደረሰለት። ለሸበሌ ገበሬ ግን ከ30 ዓመት በፊት በአዋጅ የተከፈተለት በር፣ እሱ በሌለበት ጨረታ ምክንያት፣ በአዋጅ ተዘጋበት።

አከታትሎም በ1967 ጦርነት የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፤ እስከ 1975ም አልተከፈተም። ከመርካ ኔፕልስ የነበረው መንገድ በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ዞሮ የሚደርስ ሆነ። ይህ ለነዳጅ ጫኝ መርከብ የወጪ ጉዳይ ነው፤ ለሙዝ ግን የሞትና የሽረት ጉዳይ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ሶማሊያውያን አምራቾችና ከነሱ ጋር የቀሩት ጣልያኖች ዘለላውን እንዳለ ከመጫን ይልቅ ከግንዱ እየቆረጡ፣ እያጠቡና በካርቶን እያሸጉ መላክ ጀመሩ፤ ዝርያውንም ገበያው ወደሚወደው ለወጡ። ቀላል ሥራ አልነበረም፤ ለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል። በ1969 ሥልጣን የያዘው የዚያድ ባሬ መንግሥት የሙዝ ንግዱን በ1970 ለመንግሥት ድርጅት ሰጠው። ድርጅቱ እንደ ዘመኑ ብዙ ድርጅቶች ደብተር አበዛና ፍሬ አሳነሰ። በ1983 ንግዱ ሶማልፍሩት ለተባለ፣ መንግሥትና አንድ የጣልያን ኩባንያ በጋራ ለያዙት ማኅበር ተላለፈ። ምርቱ አገገመ። ማቀዝቀዣው አሁንም የጣልያኑ ነበር።

ጥር 1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ወደቀ። የታችኛው ሸበሌ ማሳዎች ጠመንጃ በያዙ ሰዎች ተወረሩ፤ የውኃ መሳቢያው ሞተር ሳይቀር ተነቅሎ ተሸጠ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከሐምሌ 1993 ጀምሮ የአውሮፓ ማኅበር አዲስ የሙዝ ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ፤ በዚህም ለቀድሞ ቅኝ ግዛቶች የተወሰነ ኮታ ሲመደብ ሶማሊያ 60,000 ቶን ከቀረጥ ነፃ ተፈቀደላት። መንግሥት የሌላት አገር ኮታ ነበራት ማለት ነው። ኮታው ደግሞ በአውሮፓ ገበያ ገንዘብ ነው፤ ዋጋው ከፍ ተደርጎ በሚጠበቅ ገበያ ውስጥ የመግቢያ ትኬት እንደ መያዝ ይቆጠራል። ስለዚህ ሞቃዲሾ በመድፍ ስትፈርስ ሁለት ኩባንያዎች ለሸበሌ ሙዝ ይፎካከሩ ጀመር፤ አንደኛው ነባሩ ሶማልፍሩት፣ ሁለተኛው የአሜሪካው ዶል ያቋቋመው ሶምባና።

ማቀዝቀዣ ያላት መርከብ ለሰዓታት እንኳ መጠበቅ እንደማትችል የጦር አበጋዞቹ በሚገባ ተረድተዋል። መንገድ ዘግቶ ሙዝን ማዘግየት እንደ መግደል ነው፤ ስለዚህ ማንም ኩባንያ ከመሟገት ይልቅ መክፈልን ይመርጣል። በየካርቶኑ ቀረጥ ተጣለ። በየኬላው ጠባቂ ተቀጠረ፤ ኩባንያዎቹም የታጠቁ ሰዎችን ማሰማራት ግድ ሆነባቸው። ከአይዲድ ጎራ ወጥቶ ከአይዲድ ጋር የተዋጋው የዑስማን አቶ ቡድን ከተጣላባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የሙዝ ገንዘብ ነበር። የሞቃዲሾ ዋና ወደብ በ1995 በዚህ የቡድኖች ፍጥጫ ተዘጋ፤ እስከ 2006ም አልተከፈተም። ጄኔራል አይዲድ ራሱ በ1996 በዚሁ ጦርነት ቆስሎ ሞተ። ዓለም ይህን ዘመን በምግብ ዕርዳታና በሰላም አስከባሪ ታሪክ ያስታውሰዋል፤ በካርቶን የታሸገ ሙዝ ግን ያኔም ወደ አውሮፓ ይሄድ ነበር።

የጦር አበጋዝ ያልገደለውን ንግድ ወንዙ ገደለው። በ1997 መጨረሻ ኤልኒኞ ባመጣው ዝናብ ሸበሌና ጁባ ከዳር እስከ ዳር ሞልተው ፈሰሱ፤ ሰው አለቀ፣ ቦዩና መንገዱም ፈረሰ፣ ሥሩ ውኃ የተኛበት ሙዝ በቁሙ በሰበሰ። በዚያው ዓመት የዓለም የንግድ ድርጅት የአውሮፓን የሙዝ ሥርዓት ከሕግ ውጭ ነው ሲል ፈረደ። ማሳውና ኮታው በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋ ሲያጡ ኩባንያዎቹ የሚያቆያቸው ምክንያት አልነበረም። መርከቦቻቸው ወደ ሌላ ባሕር ሄዱ።

ኩባንያዎቹ ሲሄዱ በደቡብ ሶማሊያ ምድር ምን ተዉ ቢባል፣ ግድቡ በደለል የተሞላ፣ ቦዩ የፈራረሰ ነበር፤ የመሬቱ ባለቤትነት ክርክርም ከቀድሞው ብሶ ቀረ። ጀናሌ ራሷ ለዓመታት በአልሸባብ እጅና በጦርነት መካከል ስትንገላታ ኖራ በ2020 የሶማሊያ ጦር መልሶ ያዛት። ከስልሳ ዓመት በላይ በተካሄደ የሙዝ ንግድ ውስጥ የፍሬውን ዕጣ የወሰነው የቀዝቃዛው ሰንሰለት ከአገሩ ሰው እጅ ገብቶ አያውቅም። ጉዳዩ የሶማሊያ ብቻም አይደለም። የአርባ ምንጭ ሙዝ በጭነት መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ የተዘጋ ክፍልና የነጭ ጋዝ ምድጃ ነው፤ በጢሱ ሙቀት ያበስሉታል። ገዢው በልጣጩ ላይ የሚያየው ጥቁር ነጠብጣብና የሚሸተው የጋዝ ሽታ ከዚህ የመጣ ነው። ከጎረቤት አገር ታሪክ አንድ ነገር መውሰድ የሚፈልግ የኢትዮጵያ ነጋዴ ቢኖር፣ ስለ ዝርያና ስለ ማዳበሪያ ከመጠየቁ በፊት ስለ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ሙዙ ግን ከሸበሌ ዳር አልጠፋም። ሶማሌዎች ሙዝን ከሩዝና ከፓስታ ጋር ይበሉታል፤ ጅግጅጋም ይሁን ናይሮቢ ኢስሊ፣ ሥጋና ሩዝ ያዘዘ ሰው ከሳህኑ ጎን ሳይጠይቅ አንድ ሙዝ ይቀርብለታል። ፓስታው የጣልያን ውርስ ነው፤ ሙዙን ከፓስታው ጋር ማዋሐድ ግን የሶማሌ የራሱ ፈጠራ ነው። ወንዝ ዳር ያሉ ገበሬዎች ጦርነቱ ፋታ ሲሰጣቸው እየተከሉ ለዚህ ገበያ ያቀርባሉ። ከአፍጎዬ እስከ ሞቃዲሾ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌሊት የተቆረጠ ሙዝ ማለዳ ገበያ ይደርሳል፤ ለዚያ መንገድ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም።